ክብደቱን ለመቀነስ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው በየትኛው በር ይግባ? (የድሬዳዋ ክር ከነመልሶቹ)

ክሩን (ጥያቄና መልስ በተራ የሚጻፍበትን የኢንተርኔት ውይይት) የከፈተው «ለገሃሬ» በሚል ስም የሚጽፍ ተሳታፊ ነው። ጥያቄው አጭር ነበር፣ መልሱ ግን 21 ደረሰ። ድሬዳዋ ውስጥ ስኳርም ግፊትም የሌለበት፣ ግን ክብደቱ ገፍቶ ጉልበቱን የያዘው፣ ፎቅ ሲወጣ የሚያለከልክ ሰው ጤና ጣቢያ ቢሄድ በየት በኩል ይገባል? ለእርጉዝ ክፍል አለ፣ ለክትባት አለ፣ ለቲቢና ለኤችአይቪ አለ፣ ለስኳርና ለግፊት ክትትልም አለ። ለውፍረት ግን የሚታዘዘው ለጉልበቱ የህመም ማስታገሻ ዳይክሎፌናክ፣ ከዚያ ሊወጣ ሲል ክብደት ቀንስ የሚል አንድ ቃል ነው። እንዴት እንደሚቀንስ የሚያሳየው፣ በወሩ መልሶ ጠርቶ ስንት ደረስክ የሚለው የለም ሲል ወቀሰ። መልሶቹን በተራ አቀርባለሁ፤ ቃል በቃል ሳይሆን ፍሬ ነገራቸውን።

መልስ 1 ትሁት ነበር። ክፍሉ ኦፒዲ (የተመላላሽ ሕክምና ክፍል) ነው፣ ካርድ ክፍል ሄዶ ለክብደቴ ምርመራና ምክር ፈልጌ ነው ማለት ይበቃል፣ ማንም አይመልሰውም ይላል። እውነት ነው። ግን የሚመልስ አለመኖሩና የሚከታተል መኖሩ ለየቅል ናቸው፤ የቀረው ክር በሙሉ የተጻፈው በዚህ ክፍተት ላይ ነው ማለት ይቻላል።

መልስ 2 ላይ የትሪያጅ (ታካሚ መጀመሪያ ተለክቶ የሚለይበት ክፍል) ሥራ የሚያውቅ ሰው እጅ ይታያል። አዋቂ ታካሚ ትሪያጅ ሲቀርብ ግፊቱ፣ ሙቀቱ፣ የልብ ምቱና ትንፋሹ ይለካል፣ ክብደቱም አንዳንዴ። ቁመቱ ግን አይለካም፤ ቁመት ከሌለ ደግሞ ቢኤምአይ (ክብደት በቁመት ተመዝኖ ውፍረትን የሚያሳየው ቁጥር) አይወጣም። የቁመት መለኪያው ግን እዚያው ግቢ፣ እርጉዞች ወይም የተጎዱ ሕፃናት የሚታዩበት ክፍል ውስጥ ቆሞ ይገኛል። እሱን ማንቀሳቀስ ካልተቻለ የልብስ ሰፊ ሜትር ከወለሉ ልክ 1 ሜትር ከፍታ ላይ ጀምሮ ግድግዳው ላይ ቀጥ አድርጎ መለጠፍ፣ በሚነበበው ላይ 100 መደመር። ታካሚው ጫማ አውልቆ፣ ተረከዙንና መቀመጫውን ግድግዳ አስደግፎ ፊት ለፊት እያየ ይቆማል፤ አናቱ ላይ ጠንካራ መጽሐፍ አግድም ተደርጎ ይነበባል። ሻሽ ይፈታል፣ ከላይ የተቋጠረ ጸጉር ዝቅ ይላል። የአዋቂ ቁመት አንዴ ከተለካ ካርዱ ሽፋን ላይ ይጻፋል፣ ደግሞ መለካት አያስፈልግም። ስሌቱንም አስቀምጠውታል፦ 92 ኪሎ የሚመዝን፣ ቁመቱ 1.60 የሆነ ሰው፤ 1.60 በራሱ ሲባዛ 2.56፣ 92 ለ2.56 ሲካፈል 35.9። ከ25 ጀምሮ ክብደት ከልክ አልፏል፣ ከ30 ጀምሮ ውፍረት ይባላል፣ ከ35 ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከ40 ጀምሮ ሦስተኛ። ወገብም እምብርት ላይ ይለካ ብለው ጨረሱ።

ይቺን የመጨረሻዋን ነገር መልስ 3 ወዲያው አረማት። ቦርጩ የወረደ ሰው እምብርቱም አብሮ ይወርዳል፣ ስለዚህ እምብርት መነሻ ሊሆን አይችልም። ትክክለኛው ቦታ በጎን በኩል የመጨረሻው የጎድን አጥንትና የዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ እኩሌታው ላይ ነው፤ ታካሚው ቀስ ብሎ ተንፍሶ እንደጨረሰ። ሜትሩ ዙሪያውን ከወለል እኩል ይርቃል፣ ቆዳ ይነካል እንጂ አይጫንም። የእኛ ከተማ ችግር ሽርጥ ነው፤ ወገብ ላይ ተጠቅልሎ የተቋጠረውን ሽርጥ ጨምሮ የለካ ሰው ብዙ ሳንቲሜትር ከየትም አመጣ። ድሪያ ለለበሰች ሴት ሴት ባለሙያ መጋረጃ ውስጥ ትለካት። ለወንድ 94 ላይ ማስጠንቀቂያ፣ 102 ላይ ከፍተኛ አደጋ፤ ለሴት 80 እና 88። እነዚህ ቁጥሮች የተወሰዱት ከአውሮፓውያን መሆኑን አክለው፣ ለአገራችን ሰው ቀላሉ የወገብ ልክ ከቁመት ግማሽ እንዳይበልጥ መጠበቅ ነው አሉ። በሲባጎ ቁመትን ለክቶ፣ ሲባጎውን ለሁለት አጥፎ ወገብ ላይ መጠምጠም፤ ጫፍና ጫፉ ካልተገናኘ ወገቡ ከልክ አልፏል። ጤና ኬላ ላይ ካልኩሌተር ሳይፈለግ የሚሠራ ነገር ነው፣ ለእኔ ከክሩ ምርጥ ምክሮች አንዱ ይኸው ነው።

መልስ 4 ሙሉ በሙሉ ስለ ሚዛን ነው፣ አንዳንዱ ተሰላችቶ ያልፈው ይሆናል፤ እኔ ግን አላለፍኩትም። በብዙ ክፍል ያለው ባለ ስፕሪንግ የወለል ሚዛን ነው። ምንጣፍ ላይ ወይም ጎርባጣ ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ያሳንሳል ወይም ያዛባል። ፍተሻው በ20 ሊትር ጀሪካን ነው፦ ባዶውን መዝኖ መጻፍ፣ ከዚያ 20 ሊትር ውሃ ሞልቶ መመዘን፤ ልዩነቱ 20 ኪሎ መሆን አለበት። ይህ ግን ሚዛኑን ታች ላይ ብቻ ነው የሚፈትነው፤ ያረጀ ስፕሪንግ የሚዋሸው ወደ ላይ ሲሄድ ነው። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ የተሞላውን ጀሪካን ይዞ ይውጣ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጀሪካኑ ብቻውን ከመዘነው ከግማሽ ኪሎ በላይ ከራቀ ያ ሚዛን ለክትትል አይሆንም። ሌላው ጣሪያው ነው። 120 ወይም 130 ላይ የሚቆም ሚዛን 145 ኪሎ የሆነን ሰው 130 ብሎ ያስመዘግበዋል፤ ሰውየው 10 ኪሎ ቢቀንስም መርፌው ፍንክች አይልም፣ ታካሚውም ልፋቴ ውሃ በላው ብሎ ይቀራል። በሚቀጥለው ግዢ እስከ 200 ኪሎ የሚመዝን ጠይቁ ብለዋል። በየቀጠሮው ደግሞ ያው ሚዛን፣ ያው ሰዓት፣ ጫማና ኪስ ባዶ። የቁርስና የውሃ ልዩነት ብቻውን አንድ ኪሎ ሊያሳይ ይችላልና።

መልስ 5 የሚዛኑን ነገር ወደ ግፊት ወሰደው። የተለመደው የአዋቂ ካፍ (ግፊት ሲለካ ክንድ ላይ የሚጠቀለለው) የሚሆነው ዙሪያው ከ27 እስከ 34 ሳንቲሜትር ለሆነ ክንድ ነው፤ ከ35 እስከ 44 ላለው ትልቁ ካፍ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ትልቁን የሚፈልግ ሰው በተለመደው ካፍ ሲለካ የላይኛው ግፊት በአማካይ 5 ገደማ፣ ከትልቁም የሚሰፋ ካፍ የሚፈልግ ሲሆን ደግሞ 20 ገደማ ከፍ ብሎ ይነበባል። እንግዲህ 128 የሆነ ሰው 148 ተብሎ ዕድሜ ልኩን ክኒን ሊጀመርለት ነው። ትልቅ ካፍ ከሌለ? ክንዱን በሜትር ለክቶ ዙሪያውን ካርዱ ላይ መጻፍ፣ ንባቡ በትንሽ ካፍ መወሰዱንም አብሮ መጻፍ፣ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ትልቅ ካፍ ወዳለበት ልኮ ማስለካት።

እዚህ ድረስ ወግ ያለው ጨዋታ ነበር። መልስ 6 ላይ «ፊት ለፊት» የሚባለው ገባ፣ ክሩም ሞቀ። ስለ ሜትርና ጀሪካን የምታወሩት ለክታችሁ ምን ልትሰጡ ነው አለ። ጤና ጣቢያ ውስጥ የሥነ ምግብ ባለሙያ የለም፣ መድኃኒት የለም፣ ጊዜ የለም፤ ኮሪደሩ በወረፋ ተጨናንቆ ሰው ቆሞ እየተመረመረ ነው። በዚያው ላይ የድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች ሕፃናት ክንዳቸው ሲለካ ከ11.5 ሳንቲሜትር በታች ሆኖ ቀይ (ከባድ የምግብ እጥረት) እያሳየ፣ ለከተማ ቦርጭ ክሊኒክ ይከፈት ማለት ጥጋብ ነው ብሎ ደመደመ። አነጋገሩ ይጎረብጣል፣ የጊዜውና የወረፋው ነገር ግን ፈጠራ አይደለም።

መልስ 7 አልተቆጡም፣ ግን አልለቀቁትምም። የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመላ አገሪቱ ከመውለድ ዕድሜ ሴቶች 22 በመቶው ከሲታ፣ 8 በመቶው ደግሞ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ መሆኑን አሳይቷል፤ በከተማ ያለው ከገጠሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሁለቱ በአንድ አስተዳደር፣ አንዳንዴም በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። ማንም ከተጎዳው ሕፃን ወስዳችሁ ስጡ አላለም፤ እስካሁን የተጠየቀው አንድ ሜትርና አንድ ደህና ሚዛን ነው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ነርሶች መሆናቸውንም አስታወሱ፣ ቤት ለቤት ሲሄዱ ወገብና ግፊት መለካት አያቅታቸውም።

ለእኔ የክሩ አስኳል መልስ 8 ነው። ከመድኃኒት ቤት ጠረጴዛ ጀርባ የተጻፈ ይመስላል። ለውፍረት መድኃኒት የለንም ከማለት በፊት የሰጠነው መድኃኒት እያወፈረ እንዳይሆን እንይ ይላል። ካርዱ ላይ የሚፈለጉትን አንድ በአንድ ዘረዘሩ፦ ለስኳር ኢንሱሊንና ግሊቤንክላሚድ፣ ለነርቭ ህመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ሶዲየም ቫልፕሮኤት፣ ለአእምሮ ህመም ኦላንዛፒንና ክሎርፕሮማዚን፣ እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉት የልብና የግፊት መድኃኒቶች፣ በየሦስት ወሩ የሚወጋው የወሊድ መከላከያ ዴፖ፣ ፕሬድኒሶሎን። ከሁሉም በላይ ያለማዘዣ የሚሸጠው ዴክሳሜታዞን፤ ለአለርጂ፣ ለወገብ ህመም፣ አንዳንዴም ጉንጭ ሞላ እንዲል ተብሎ ለወራት ይዋጣል። ፊቱ የተድበለበለ፣ እጅና እግሩ የቀጠነ፣ ሆዱ ላይ ሰፋፊ ወይን ጠጅ ሸንተረር የወጣበት ሰው ሲመጣ ስለ ምግቡ ከመጠየቅ በፊት ስለ ክኒን ጠይቁት። ደግሞም ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የወሰደውን በአንድ ቀን አቁም አትበሉት፤ ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማምረት ስላቆመ ድንገት ከተቋረጠ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል፤ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ስኳር ላለበት ወፍራም ሰው ኩላሊቱ ደህና ከሆነ ሜትፎርሚን ይቅደም፣ 500 ሚሊ ግራም ከምግብ ጋር ተጀምሮ ሆድ እየለመደው ሲሄድ ከፍ ይላል። ዴፖ ከጀመረች በኋላ ባሉት 6 ወራት ክብደቷ በ5 በመቶ የጨመረ ሴት ቀጥላም የመጨመሯ ዕድል ሰፊ ነው፤ ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ መከላከያ) ወይም ሌላ አማራጭ ይነገራት፣ ምርጫው ግን የእሷ ነው። ቫልፕሮኤትንና የአእምሮ መድኃኒትን ማንም በራሱ እንዳያቆም፣ ያዘዘው ክፍል ይነጋገርበት።

መልስ 9 በአድናቆት ጀምሮ ጉድለት ጨመረ። ዝርዝሩ ዶሉቴግራቪርን ረስቷል፤ የኤችአይቪ መድኃኒት ተጠቃሚ ክብደት ከጨመረ አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። ይህ ማለት ግን ይቀየር ማለት አይደለም፣ ቫይረሱን አፍኖ የያዘ መድኃኒት በኪሎ አይለወጥም። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ዶሉቴግራቪር በደም ውስጥ ያለውን የሜትፎርሚን መጠን ስለሚያንር፣ ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሰው ሜትፎርሚኑ በቀን ከ1000 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ። የኤችአይቪ ክፍልና የስኳር ክፍል ካርዳቸው ለየብቻ በሆነበት ቦታ ይሄ ነገር ማንም ሳያየው ያልፋል ይላሉ።

መልስ 10 አንድ መስመር ነበር፣ መርፌውስ? የሚል። የሚጠበቅ ነበር።

መልስ 11 ለእሱ ረዘም ያለ ምላሽ ሰጡ። ሴማግሉታይድ (ክብደት የሚቀንሰው መርፌ) ይሠራል፣ ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ይህንኑ ዓይነት መድኃኒት ስኳር ኖሮባቸው የልብ ወይም የኩላሊት ህመምና ውፍረት ላለባቸው ሰዎች በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷል፤ በዲሴምበር 2025 ደግሞ ለአዋቂዎች ውፍረት የረጅም ጊዜ ሕክምና እንዲሆን በቅድመ ሁኔታ መክሯል፣ እርጉዞችን ሳይጨምር። ነገር ግን በሻንጣ የሚገባው ብዕር (መድኃኒቱ ተሞልቶበት የሚወጋበት) ሌላ ታሪክ ነው። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሠራ ይጣላል። የኦዜምፒክ (የሴማግሉታይድ የንግድ ስም) ብዕር ከተከፈተ በኋላ ከ30 ዲግሪ ሳያልፍ 56 ቀን ይቆያል። ድሬ ከሰዓት በኋላ ስንት ዲግሪ ናት? በአውቶቡስ እቃ መጫኛ ውስጥ የመጣ፣ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የዋለ ብዕር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሥራውን ስለመሥራቱ ዋስትና የለም። በሐሰት የተመረተ ኦዜምፒክ መገኘቱን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 አስጠንቅቋል። አወሳሰዱም በደረጃ ነው፦ በሳምንት አንዴ 0.25 ሚሊ ግራም ለ4 ሳምንት፣ ከዚያ 0.5፣ እያለ ከፍ ይላል። ፈጥኖ ከፍ ያደረገ ሰው በትውከት ይጠወልጋል፣ በዚህ ሙቀት ውሃው አልቆ ኩላሊቱ ይጎዳል። ለማርገዝ የምታስብ ቢያንስ ከ2 ወር በፊት ታቁም፤ ቆሽቱ ተቆጥቶ የሚያውቅ፣ በቤተሰቡ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ያለበት አይጀምር።

መልስ 12 እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣለ፦ መርፌው ሲቆም ክብደቱ ይመለሳል። በአንዱ ትልቅ ጥናት መድኃኒቱ ከተቋረጠ በአንድ ዓመት ውስጥ ከወረደው ክብደት ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። ስለዚህ መርፌም ቢመጣ ቀጠሮ የሌለው ጤና ጣቢያ መርፌውንም ያባክነዋል። ልብ በሉ፣ «ለገሃሬ» መጀመሪያ ያነሳት ይቺ ቀጠሮ የምትባል ነገር ተመልሳ የመጣችው እዚህ ነው።

መልስ 13 ለ«ፊት ለፊት» የተጻፈ ነበር፣ ጊዜ የለም ላለው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ላይ ሐኪሞች ለሌላ ህመም የመጣን ወፍራም ሰው በ30 ሰከንድ ብቻ አነጋግረው 12 ሳምንት ወደሚቆይ የምክር ቡድን እዚያው አስመዘገቡት፤ በዓመቱ ይህ ቡድን በአማካይ 2.43 ኪሎ፣ ቀንስ ብቻ የተባለው 1.04 ኪሎ ቀነሰ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ የወሰደው ጊዜ ግን ግማሽ ደቂቃ ነው። ሌላም ጨመሩ፦ ስኮትላንድና ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ በቀበሌ ደረጃ ባሉ ክሊኒኮች፣ በነርስና በሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ከ3 እስከ 5 ወር በቀን 825 እስከ 853 ካሎሪ ብቻ የተሰጣቸው የ2ኛው ዓይነት ስኳር ሕመምተኞች 46 በመቶ የሚሆኑት በዓመቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከስኳር በሽታ ልክ በታች ወርዷል። ይህንን ግን ቤቱ ተቀምጦ ማንም እንዳይሞክር፤ እዚያ የስኳርና የግፊት መድኃኒቱ የቆመው በመጀመሪያው ቀን ነው። ግሊቤንክላሚድ እየዋጠ ምግብ የሚያቋርጥ ሰው ሌሊት ራሱን ስቶ ይገኛል።

መልስ 14 ወጥ ቤት ገባ። አመጋገብህን አስተካክል ማለት ምንም ማለት አይደለም፣ ዘይቱን ቁጠሩ ይላል። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም ያህል ነው፣ ግራሙ 9 ካሎሪ፤ አምስት ሊትር ጀሪካን ወደ 41,400 ካሎሪ ይይዛል። አምስት ሰው ያለበት ቤት በ25 ቀን ከጨረሰው ለእያንዳንዱ በቀን 331 ካሎሪ ከዘይት ብቻ። 40 ቀን ካቆየው 207። ልዩነቱ 124 ካሎሪ፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ትንሽ ይበልጣል። ጀሪካኑ ላይ የተከፈተበትን ቀን በማርከር መጻፍ ብቻ ነው፤ ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በሚቀጥለው ጉብኝት አዲሱን ጀሪካን አይታ ታሰላዋለች። ወጥ ላይ ዘይቱ ከጀሪካን እየተንዶቆዶቀ አይጨመር፣ በማንኪያ ይለካ። የጾም ምግብ ቀላል ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ሽሮው ላይ የሚንሳፈፈውን ይይ።

መልስ 15 ስኳሩን ያዘ። የተከመረ የሻይ ማንኪያ ስኳር 5 ግራም ያህል ነው። በሲኒ ሦስት፣ በቀን አምስት ሲኒ ሻይ የሚጠጣ ሰው 75 ግራም፣ 300 ካሎሪ ጠጣ። ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ብቻውን 32 ግራም ገደማ ስኳር አለው። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ጫቱ የምግብ ፍላጎቱን ዘግቶት ምሳውን ይዘላል፤ መራራውን በስኳርና በለስላሳ ያወራርዳል፤ ምርቃናው ሲበርድ ሌሊት ላይ ፈጢራ በእንቁላል፣ ከዚያ ቀጥታ መኝታ። ቀኑን ሙሉ ምንም አልበላሁም የሚለው ሰው እየዋሸ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ስንቴ ትበላለህ ሳይሆን ከጫት በፊት ምን በላህ፣ ከጫት ጋር ምን ጠጣህ፣ ከጫት በኋላስ ይሁን ብለዋል። እውነትም ለዚህ ከተማ የሚሆን የምርመራ ጥያቄ ነው።

መልስ 16 ከመስመር ወጣ። ከሐረር የገባ ሰው ድሬዎች የወፈራችሁት ባጃጅ ስለበዛ ነው፣ ከቀፊራ ደቻቱ (ሁለቱም እዚያው ድሬዳዋ ውስጥ ናቸው) በእግር መሄድ ያቃተው ሕዝብ ሚዛን ምን ያደርግለታል ብሎ ተሳለቀ፤ እኛ ጁገል (በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር) ውስጥ ዳገትና ቁልቁለቱ ያሠራናል አለ። ድሬዎችም አልተኙም፣ የሐረር ሐላዋ ማን በላው የሚሉ ተከታታይ ቀልዶች ዘነቡ፤ አወያዩ አጠፋቸው እንጂ ቁጥሩ ከ21 ይበልጥ ነበር። ከዚህ ሁሉ አንድ የሚጠቅም ነገር ተረፈ፦ ድሬ ላይ በእግር መሄድ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ የሚለው ምክር በቀን 30 ደቂቃ፣ 5 ቀን ማለት ነው፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው 10 ደቂቃ ሦስት ጊዜ ተብሎ ይከፈላል።

መልስ 17 በቁም ነገር መለሰን። ረመዳን ክብደት የሚቀንስበት ወር ይመስላል፣ ግን ሳምቡሳው፣ ባጂያውና ጣፋጩ በአንድ ምሽት የቀኑን ጉድለት ሞልቶ ያተርፋል። ስኳር ያለበት ሰው ጾሙ ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀድሞ ይታይ። በቀን ሦስት ጊዜ ሜትፎርሚን የሚወስድ የቀትሩን ከኢፍጣሩ ጋር ያዋህዳል። ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ መድኃኒቱን ስለመቀየር ወይም የሱሁሩን መጠን ስለመቀነስ ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይጹም። ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ያኔውኑ ይፈታል። መለካት ጾም ያፈርሳል የሚለውን ፍርሃት የሃይማኖት አባቶች ራሳቸው ቢያነሱት ከባለሙያ ይልቅ ይሰማቸዋል ሲሉ ጨመሩ።

መልስ 18 ሾል ያለ ነበር፣ በባለሙያዎች ላይ። ሰው ፊት ሚዛን ላይ አውጥቶ ቁጥሩን ጮክ ብሎ መጥራት፣ አፍሽን ዝጊ ማለት፣ ጉሮሮዋን አሟት የመጣችን ሴት ስለ ዳሌዋ መሳለቅ ሕክምና አይደለም፤ ያቺ ሴት ግፊቷ ሲጨምርም አትመለስም። መጀመሪያ ፈቃድ ይጠየቃል፦ ስለ ክብደትዎ ብንነጋገር ይፈቅዳሉ? አይሆንም ካሉ ለሚቀጥለው ይቆያል። አሉታውን የሰማ ባለሙያ ካርዱ ላይ ይጻፈው እንጂ አይቀየም። የዚህ ጸሐፊ ብዕር ሲቃ ነበረበት፣ አንዳንዶች ተቀየሙ፤ የተናገረውን ያስተባበለ ግን አልነበረም።

መልስ 19 ረጋ ብሎ ሁሉንም ወደ ሥራ ቀየረው። አዲስ ክሊኒክ አያስፈልግም፣ የግፊትና የስኳር ክትትል ቀን ላይ እነዚህ ሰዎች ይጨመሩ ይላል። የመጀመሪያው ቀን፦ ክብደት፣ ቁመት፣ ወገብ፣ በልኩ ካፍ ግፊት፣ የጾም ስኳር፤ ከ126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። እግሩ በጣት ሲጫን ጎድጉዶ የሚቀር ከሆነ ውሃ እንጂ ስብ ላይሆን ይችላል፣ ልብና ኩላሊቱ ይታይ። ያንኮራፋል ወይ፣ ቀን ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል ወይ ተብሎ ይጠየቅ፤ በተለይ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ከሆነ፣ መሪ ላይ እንቅልፍ የጣለው ሰው ብቻውን አይሞትምና። የወር አበባ መዛባትም ይጠየቅ። የታይሮይድ ምርመራ ምልክት ለሌለው ሁሉ አይታዘዝም፣ ገንዘብ ማባከን ነው። ግቡ በ6 ወር ከ5 እስከ 10 በመቶ፤ 92 ኪሎ ለሆነው 5 በመቶ ማለት 87.4 መድረስ ነው፣ ከ10 በመቶ በላይ ተስፋ መስጠት ማሳዘን ነው። በአንድ ቀጠሮ ሁለት ለውጥ ብቻ፦ ለምሳሌ ስኳር ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ፣ ጠዋት 20 ደቂቃ እርምጃ። መልሶ መምጫው በ2 ሳምንት፣ ከዚያ በወሩ፣ ከዚያ በየወሩ እስከ 6 ወር። ያልመጣው ይደወልለታል። ቢኤምአይ 40 የደረሰ ወይም 35 ሆኖ ሌላ ህመም ያለበት ወደ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ይላክ፤ ላኪው ወረቀት ላይ ክብደት፣ ቁመት፣ ወገብ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ይጻፉ። ዋናው ነገር ግን ሲሉ አጠበቁ፣ ካርዱ ላይ የበሽታ ስም በሚጻፍበት ቦታ ውፍረት ተብሎ ከቢኤምአዩ ጋር ይጻፍ። የጉልበት ህመም ብቻ ከተጻፈ የሚከታተለው ጉልበቱን ነው።

በእኔ አስተያየት ክሩ መልሱን ያገኘው እዚህ ነው፤ የጎደለው መርፌ ሳይሆን የተጻፈ ስምና የተቆረጠ ቀን ነው። ያልተስማሙም ነበሩ።

መልስ 20 «ፊት ለፊት» ተመልሶ መጣ። የመልስ 19ን ሥራ ማን ይሥራው ብሎ ጠየቀ፤ ሐኪም ከሆነ በሥራ ብዛት ሞቷል፣ ነርስ ከሆነ በየትኛው መዝገብ ትመዘግበዋለች? በሪፖርት የማይጠየቅ ሥራ በሁለተኛው ወር ይረሳል። ስለ ጤና መድኅንም አነሳ፦ አባል ያለ ሪፈር ቀጥታ ሆስፒታል ከሄደ ከኪሱ ይከፍላል፣ ስለዚህ ጤና ጣቢያው ውፍረት ብሎ ካልጻፈ ሪፈሩም አይወጣም። ይቺን ነገር ከእሱ አልጠበቅኩም ነበር፣ የመልስ 19ን ክርክር ያጠናከረው ራሱ ነው። የመዝገቡን ጥያቄ ማንም ሙሉ በሙሉ አልመለሰለትም፤ አንድ ሰው ብቻ በግፊት መዝገቡ የመጨረሻ አምድ ላይ በእርሳስ ይጻፍ አለ፣ «ፊት ለፊት»ም ይሄ ደግሞ ምን ይሉታል ብሎ ዝም አለ።

መልስ 21 አዲስ ጥያቄ ይዞ መጣ፦ የ12 ዓመት ልጅ 70 ኪሎ ቢሆንስ? ለልጅ የአዋቂው 25 እና 30 አይሠራም፤ ከ5 እስከ 19 ዓመት ለዕድሜና ለፆታ የተሠራው የዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ ላይ ከ1 ዚ-ስኮር (ከእኩዮቹ መካከለኛ ልክ የራቀበት መጠን) በላይ ከልክ ማለፍ፣ ከ2 በላይ ውፍረት ነው። ልጅ እንዲከሳ አይራብም፤ በአብዛኛው ክብደቱ ባለበት ቆሞ ቁመቱ እንዲያድግ ነው የሚፈለገው። ለስላሳው ከቤት ይወጣል፣ ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ ይለውጣል፣ ልጁ ለብቻው ሰሃን አይቀርብለትም። አወያዩ ቀሪውን በሌላ ክር ቀጥሉበት ብለው ይህንን ዘጉት።